ፈረስ ፍለጋ በአራት ቋንቋ፦ የሉዊስና የክላርክ ጉዞ አስተርጓሚዎች

ጉዳዩን ለምን መዘገብኩት

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። እዚህ አሜሪካ፣ በብዛት ሆስፒታል ውስጥ፣ በሐኪምና በታካሚ መካከል ቆሜ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። አንድ ጊዜ የተጠራሁላቸው እናት አማርኛ አይችሉም ነበር። የሚናገሩት ሲዳምኛ ብቻ ነው። ልጃቸው ወደ አማርኛ ትመልሳለች፣ እኔ ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ። ሐኪሙ ሕመሙ መቼ እንደጀመራቸው ጠየቀ። እናት እጃቸውን እያወራጩ ረጅም ነገር ተናገሩ። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረችና "ቆይቷል ነው የሚሉት" አለችኝ። ሌላውስ? ስላት "አይ፣ የቤት ጉዳይ ነው" አለች። ያቺ "የቤት ጉዳይ" እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።

ከዚያ ወዲህ በሁለትና በሦስት ሰው አፍ ስለሚያልፍ ትርጉም ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። እንደ ሜሪዌዘር ሉዊስና ዊልያም ክላርክ ጉዞ የሚያስተምር ግን አላገኘሁም። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ጀብዱ ነው። እኔ ያየሁት በሙያዬ ዓይን ነው። ተጓዦቹ በየቀኑ ማስታወሻ ይይዙ ስለነበር ማን በማን በኩል ምን እንዳለ ከሞላ ጎደል ቀን በቀን መከተል ይቻላል። ለአስተርጓሚ እንዲህ ያለ መዝገብ ብርቅ ነው።

በጉዳይ ጥናት ሰው በስሙ አይጠራም፤ የታካሚዎቼንም ስም አልጠራም። እዚህ ግን ሰዎቹ ካለፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፣ ስማቸውም ታሪክ ላይ ሰፍሯል። ዋና ዋናዎቹን በስማቸው እጠራለሁ። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

በ1803 አሜሪካ ሉዊዚያና የተባለውን ሰፊ ግዛት ከፈረንሳይ በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዛች። ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን የግዢው ዜና ሳይደርስ በፊት ጉዞውን አስበውበት፣ ገንዘብም ከኮንግረስ አስፈቅደው ነበር። መሪ አድርገው የመረጡት የግል ጸሐፊያቸውን ሉዊስን ነው። ሉዊስ ደግሞ በውትድርና የሚያውቀውን ክላርክን ጋበዘ። ጀፈርሰን ጁን 20 ቀን 1803 በጻፉት መመሪያ ተልእኮው ግልጽ ነው። የሚዙሪን ወንዝ ተከትላችሁ፣ ለንግድ የሚያመች፣ እስከ ፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚያደርስ የውሃ መንገድ ፈልጉ ይላል።

የመጀመሪያው የበጀት ግምት 2,500 ዶላር ነበር። ዝርዝሩን ቀስ ብዬ አየሁት። ለነባር ሕዝቦች ስጦታ 696 ዶላር። ለመጓጓዣ 430። ለአዳኞች፣ ለመንገድ መሪዎችና ለአስተርጓሚዎች፣ ለሦስቱም በአንድ ላይ፣ 300 ዶላር። ለስጦታው የተመደበው ስጦታው ምን ማለት እንደሆነ ለሚያስረዳው ሰው ከተመደበው ከእጥፍ ይበልጣል። ዛሬም አስተርጓሚ የሚታወሰው ሁሉም ነገር ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ይህን በየሳምንቱ አያለሁ፣ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ጉድለቱ ለመታየት ብዙ አልቆየም። ጉዞው በሜይ 1804 ተጀመረ። በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ የዛሬዋ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ፣ ላኮታ ከሚባሉ ነባር ሕዝቦች ጋር ተገናኙ። የላኮታዎችን ቋንቋ የሚችለውን አስተርጓሚያቸውን ቀደም ብለው ካገኟቸው፣ ያንክተን ከሚባሉ ሕዝቦች ዘንድ ትተውት መጥተዋል። የቀራቸው ኦማሃኛ የሚችል አንድ ቀዛፊ ነው። ላኮታዎች ዘንድ የኦማሃ ምርኮኞች ስለነበሩ በእነሱ በኩል ጥቂት ጥቂት ይገባዋል። ሉዊስ ንግግሩን ጀምሮ በአስተርጓሚ እጦት አሳጠረው። ትንሽ ቆይቶ ክላርክ ጎራዴውን መዘዘ፣ ላኮታዎችም ቀስታቸውን አወጡ። አንድ አለቃ ጣልቃ ገብቶ ነገሩ በረደ እንጂ ጉዞው እዚያው ወንዝ ዳር ሊያከትም ነበር።

ቀጥሎ የመጣውን ውሳኔ የማነበው ከዚህ ቀን ጋር አያይዤ ነው።

ችግሩ

ብርዱን ያሳለፉት በዛሬዋ ኖርዝ ዳኮታ፣ ማንዳንና ሂዳትሳ በሚባሉ ሕዝቦች መንደሮች አጠገብ ምሽግ ሠርተው ነው። ሂዳትሳዎች ወደ ምዕራብ እየዘመቱ ስለሚመለሱ የሚዙሪን የላይኛውን ክፍል ያውቁታል። የነገሯቸው ነገር እቅዱን ሁሉ ቀየረው። ወንዙ ምንጩ ጋ ሲደርስ ተራራ አለ። ተራራውን በታንኳ ማለፍ አይቻልም። እዚያ የሚኖሩት ሾሾኒዎች ግን ብዙ ፈረስ አላቸው።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ አንድ ነጥብ ወረደ። ሾሾኒዎችን ማግኘት፣ ፈረስ መግዛት፣ ብርድ ሳይገባ መሻገር። ለዚህ ሾሾኒኛ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ከቡድኑ ውስጥ አንድም የለም።

ኖቬምበር 4 ቀን 1804 ቱሳን ሻርቦኖ የሚባል፣ ሂዳትሳዎች ዘንድ የሚኖር ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነጋዴ ሥራ ፍለጋ መጣ። እንግሊዝኛ አይችልም። ግን ሁለት ሾሾኒ ሚስቶች አሉት። አንደኛዋ ሳካጋዊያ ናት። ያኔ ዕድሜዋ 16 ወይም 17 ገደማ ነው። ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊት የሂዳትሳ ተዋጊዎች ከሕዝቧ ማርከው አምጥተዋታል። እርጉዝ ነበረች፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1805 ወንድ ልጅ ወለደች።

ሥራውን ያገኘው ሻርቦኖ ነው። የተፈለገው ግን የእሷ አፍ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። ሻርቦኖ በማርች ላይ ዘብ አልቆምም፣ እንደማንኛውም ሰው አልሠራም፣ ካልተመቸኝም እመለሳለሁ ብሎ ተሟገተ። አሰናበቱት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ። በዚያ ክርክር ውስጥ የሳካጋዊያ ፈቃድ የተጠየቀበት መስመር በማስታወሻዎቹ ላይ አላየሁም።

ኤፕሪል 7 ቀን 1805 ከምሽጉ ተነሱ። 33 ሰዎች ናቸው፣ ሕፃኑን ጨምሮ። በጁን ሳካጋዊያ ክፉኛ ታመመች። ሉዊስ ስለ እሷ መጨነቁን ጻፈ፤ ከሾሾኒዎች ጋር በሰላም ለመደራደር ተስፋችን እሷ ብቻ ናት የሚል ሐሳብ አብሮ አሰፈረ። ከሁለት ዓመት በፊት በ300 ዶላር ውስጥ ተጠቅልሎ የነበረው ሥራ አሁን የጉዞው ሁሉ ተስፋ ሆኗል። ጁላይ 27 ደግሞ ሾሾኒዎችን ወይም ፈረስ ያለውን ሌላ ሕዝብ ካላገኘን የጉዞው ውጤት በጣም አጠራጣሪ ነው ብሎ ጻፈ።

ያለ አስተርጓሚ የተሞከረው

እዚህ ላይ የማይገባኝ ውሳኔ አለ። ኦገስት 8 ሳካጋዊያ አንድ ትልቅ ቋጥኝ አይታ አወቀችው። የሕዝቧ አገር ሩቅ አይደለም አለች። በማግስቱ ሉዊስ ሾሾኒዎችን ፍለጋ ቀድሞ ተነሳ። ሦስት ወንዶች አስከተለ። እሷን ከክላርክ ጋር ወንዙ ላይ ትቷት ሄደ። ፍጥነት ፈልጎ ይሆናል፤ ሕፃን ያዘለች እናት ናት። ግን ያ ሁሉ ዝግጅት ለዚያች ቅጽበት አልነበረም?

ኦገስት 11 አንድ ሾሾኒ በፈረስ ላይ ሆኖ ከሩቅ ታየ። ሉዊስ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ እየወረወረ መሬት ላይ ዘረጋ። በዚያ አገር የወዳጅነት ምልክት ነው። ዶቃና መስታወት ከፍ አድርጎ አሳየ። የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ የቆዳውን ቀለም አሳየ። "ታባቦኒ!" እያለም ጮኸ። ነጭ ሰው ማለት ነው ብሎ ነው የያዘው። ነገር ግን ሾሾኒዎቹ ነጭ አይተው አያውቁም። ቃሉ እንግዳ ወይም ባዕድ ወደሚል ትርጉም ይጠጋል የሚሉ አሉ። በዚያ ዓመት ጠላት ወግቷቸው ሰው ለሞተባቸው ሰዎች ባዕድ መጣ ብሎ መጮህ ምን እንደሚመስል አስቡት። በጎን ከተከተሉት ሰዎች አንዱ ምልክቱን ሳያይ መጠጋቱን ቀጠለ። ፈረሰኛው ፈረሱን አዙሮ ጠፋ።

በማግስቱ ሉዊስ የተራራውን መተላለፊያ ወጣ። ለምሂ የሚባለው ነው። ማዶ አገኛለሁ ብሎ ያሰበው ወደ ኮሎምቢያ ወንዝ የሚወርድ ቀላል ቁልቁለት ነበር። ያየው ግን በረዶ የለበሱ ረጃጅም የተራራ ሰንሰለቶች ነው፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ። ከጀፈርሰን ጀምሮ ብዙዎች ያምኑት የነበረው አጭር መሻገሪያ እዚያ አለቀ። ፈረስ ከዚህ በኋላ ምቾት መሆኑ ቀርቶ የሕይወት ጉዳይ ሆነ።

ኦገስት 13 ሦስት ሴቶች አገኙ። አንዷ ሮጠች። አሮጊቷና አንዲት ልጅ ግን መሸሽ አልቻሉም፤ መሬት ላይ ተቀምጠው ሞታቸውን እንደሚጠብቅ ሰው አንገታቸውን ደፉ። ሉዊስ ጠመንጃውን አስቀመጠ። አሮጊቷን እጇን ይዞ አነሳት። ዶቃ፣ ወስፌ፣ መስታወት ሰጣቸው። ጉንጫቸውን ቀይ ቀለም ቀባቸው፣ የሰላም ምልክት ነው። ትንሽ ቆይቶ 60 ያህል ፈረሰኛ እየጋለበ ደረሰ። ሴቶቹ የተሰጣቸውን እያሳዩ ቀድመው ተናገሩ። ተዋጊዎቹ ወርደው ሉዊስን አቀፉት።

በዚያ ቀን ነፍስ ያዳነችው ያቺ አሮጊት ናት። ስሟ አልተጻፈም። በአንደበቷ የተናገረችውን ማንም ወደ እንግሊዝኛ አልመለሰውም፣ ግን የቀኑ ዋና አስተርጓሚ እሷ ነበረች ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን በምልክት ቋንቋ ብቻ አሳለፉ። ድሩያር የሚባለው አዳኝ የእጅ ምልክቱን አቀላጥፎ ያውቃል። በምልክት "ርቦናል"፣ "ኑ"፣ "ወዳጅ ነን" ማለት ይቻላል። "ወንዙ ላይ የቀሩ ወዳጆች አሉኝ፣ ዕቃቸውን በፈረሳችሁ አምጡልኝ፣ ወጥመድ አይደለም" ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ሾሾኒዎቹ ከጠላት ጋር ዶልቶብናል ብለው ጠረጠሩ። አለቃቸው ካሜአዋይት የራሱን ልብስ ለሉዊስ አለበሰው፤ አድፋጭ ካለ እንዳይለየው ነው። ሉዊስም ባርኔጣውን ለአለቃው፣ ጠመንጃውንም አብሮ ሰጠው፤ ከዋሸሁ ተኩስብኝ አለው። ቀደም ብሎ ራሱ ትቶት የሄደውን ወረቀት አስመጥቶም ክላርክ የጻፈልኝ ነው ብሎ ዋሸ። ውሸቱ እንዳልተመቸው በማስታወሻው ላይ አልደበቀም። ከመካከላችን አንዲት የእናንተ ሴት አለች፣ ፀጉሩ የተጠቀለለ ጥቁር ሰውም አለ ብሎ ነገራቸው። ጥቁሩ ሰው የክላርክ ባሪያ የነበረው ዮርክ ነው። ሰዎቹ እሱን ለማየት ጓጉ።

ኦገስት 17፦ ቅብብሎሹ

ክላርክ ሲደርስ ሳካጋዊያ ከፊት ነበረች። ሕዝቧን ከሩቅ አይታ በደስታ ዘለለች፣ ጣቷን እየጠባች እነዚህ ያሳደጉኝ ናቸው አለች። አብራት ተማርካ የነበረች፣ አምልጣ የተመለሰች ሴት ከሕዝቡ መካከል ወጥታ አቀፈቻት።

ከዚያ ለስብሰባ ተቀመጡ። አሁን ቅብብሎሹን ልብ በሉ። ሉዊስ በእንግሊዝኛ ይናገራል። ላቢሽ የሚባለው ቀዛፊ ወደ ፈረንሳይኛ ይመልሳል። ሻርቦኖ ፈረንሳይኛውን ወደ ሂዳትሳ ይመልሳል። ሳካጋዊያ ሂዳትሳውን ወደ ሾሾኒ ትመልሳለች። መልሱ በዚያው መንገድ ይመለሳል። አራት ቋንቋ፣ ሦስት አስተርጓሚ። ከሦስቱ አንዳቸውም የሁለቱን ወገኖች ቋንቋ በአንድ ላይ አያውቁም። ላቢሽ የቃሉን መጨረሻ አይሰማም፣ እሷ መጀመሪያውን አትሰማም።

በ1814 የታተመው የጉዞው ዘገባ የሚለው እንዲህ ነው። ሳካጋዊያ ማስተርጎም ስትጀምር አለቃውን አየችው፤ ወንድሟ ነው። ተነስታ ሮጠች፣ አቀፈችው፣ ብርድ ልብሷን አለበሰችው፣ አለቀሰች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና ማስተርጎሟን ልትቀጥል ሞከረች። እንባዋ ደጋግሞ አቋረጣት። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ደግሞ ከሁለት ወንድሞቿና ከታላቅ እህቷ ልጅ በቀር ቤተሰቧ ሁሉ እንዳለቀ ሰማች።

ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር መጽሐፉን አስቀምጣለሁ። የማውቃቸውን ሰዎች መርዶ አስተርጉሜ አውቃለሁ። እንባን ውጦ "ቀጥል" ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቀው ያለፈበት ነው። እሷ ግን 17 ዓመቷ ነው፣ የስድስት ወር ሕፃን ታቅፋለች፣ ማረፊያ የሰጣት የለም።

የፈረሱ ዋጋ

ኦገስት 18 ሉዊስ ሦስት ጥሩ ጥሩ ፈረሶች ገዛ። የከፈለው አንድ የደንብ ልብስ ኮት፣ አንድ የእግር ልብስ፣ ጥቂት መሐረቦች፣ ሦስት ቢላዋና አንዳንድ ጥቃቅን ነገር ነው። በአሜሪካ ዋጋ 20 ዶላር ያህል እንደሚሆን ራሱ ገምቶታል።

ቀናት ሲያልፉ ሾሾኒዎቹ የእንግዶቹን ችግር አነበቡት። ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ ብርድ እየመጣ ነው፣ ክላርክ የሳልሞንን ወንዝ ለማየት ሄዶ በታንኳም በእግርም እንደማያስኬድ አይቶ ተመልሷል። ኦገስት 29 ክላርክ ለአንድ ፈረስ ሽጉጥ፣ 100 ጥይት፣ ባሩድና ቢላዋ ከፈለ። ጦር መሣሪያ መስጠት አይፈልጉም ነበር። ለሾሾኒዎቹ ግን ዋናው ነገር እሱ ነው። ጠላቶቻቸው ከነጋዴ ጠመንጃ ያገኛሉ። ስፔኖች ደግሞ ለሾሾኒዎች ጠመንጃ አይሸጡም። ካሜአዋይት ለሉዊስ ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ ጠመንጃ ቢኖረን ተራራ ውስጥ ተደብቀን ሥራ ሥር እየበላን አንኖርም፣ ጎሽ ካለበት ሜዳ ወርደን እንኖር ነበር አለው።

በመጨረሻ 29 ፈረስ ያዙ። ብዙዎቹ ጀርባቸው የቆሰለ ነው። ቢሆንም በቂ ነበር።

ኦገስት 25፦ ሳይነገር የዋለው ነገር

ለኔ የዚህ ጉዳይ እምብርት ይህ ቀን ነው።

ሉዊስ ከካሜአዋይትና ከሰዎቹ ጋር ዕቃውን ጭኖ ተራራውን እየወጣ ነው። ከቀትር በኋላ ሻርቦኖ እንደ ተራ ወሬ አንድ ነገር ጣል አደረገ። ነገ የሾሾኒ ሰዎች ሁሉ ከመንደር ወጥተው መንገድ ላይ ሊያገኙን ነው አለ። ሉዊስ ለምን? አለ። ነገሩ ሲጣራ አለቃው ጎበዛዝቱን ልኮ ሕዝቡ እንዲመጣ አዟል። አብረው ወደ ጎሽ አደን ሊወርዱ ነው። ይህ ማለት ሉዊስና ዕቃው ተራራው አናት ላይ ያለ ፈረስ ይቀራሉ ማለት ነው።

ሳካጋዊያ ይህን የሰማችው ጠዋት ነው። ለሻርቦኖ ነግራዋለች። ሻርቦኖ ግን ግማሽ ቀን ዝም አለ። ሉዊስ በቁጣ ተናገረው።

ከዚያ ሉዊስ ካሜአዋይትንና ሁለት አለቆችን ጠርቶ ቃላችሁን የምትጠብቁ ሰዎች ናችሁ? ብሎ ጠየቃቸው። ካሜአዋይት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ፣ ሕዝቤ ሲራብ አይቼ ነው አለ። ትእዛዙንም ሻረ። በዚያ ማታ አዳኞቹ ያመጡት አንድ አጋዘን ብቻ ነው። ሉዊስ ለሴቶቹና ለሕፃናቱ አሰጠው፣ እሱ እራት ሳይበላ አደረ።

ሻርቦኖ ክፉ አስቦ ነው ብዬ አልፈርድም። ምናልባት አስፈላጊ አልመሰለውም። "የቤት ጉዳይ" ሆኖበት ይሆናል። በቅብብሎሽ ትርጉም ትልቁ አደጋ ይህ ነው። ቃል ተጣሞ ከመምጣቱ ይልቅ፣ መካከል ያለው ሰው ምን እንደሚያልፍ ምን እንደሚቀር ብቻውን መወሰኑ። ሳካጋዊያ አደጋውን ገብቷታል። ግን ለሉዊስ በቀጥታ መንገር አትችልም፤ ከአፏ ወደ ጆሮው የሚሄደው መንገድ በባሏ በኩል ብቻ ነው።

ተራራው

ቶቢ ብለው የሰየሙት ሾሾኒ ሽማግሌ መንገድ መራቸው። ሴፕቴምበር 4 ሳሊሽ የሚባሉ ሕዝቦችን አገኙ። ቋንቋቸው ፈጽሞ ሌላ ነው። እንደ ዕድል አብሯቸው የሚኖር አንድ ሾሾኒ ልጅ ተገኘ። ቅብብሎሹ በአንድ ቋንቋ ረዘመ፦ ከሳሊሽ ወደ ሾሾኒ፣ ከሾሾኒ ወደ ሂዳትሳ፣ ከሂዳትሳ ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ። በዚህ ሁሉ አልፈው 11 ፈረስ ገዙ፣ 7 የደከሙትን በጥሩ ለወጡ።

ከሴፕቴምበር 11 ጀምሮ ቢተርሩት ተራሮችን ተሻገሩ። በረዶ ጣለባቸው፣ ርቧቸው ውርንጭላዎቻቸውን አርደው በሉ። ሴፕቴምበር 20 ክላርክ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሉዊስ ማዶ ወርደው ኔዝ ፐርስ ከሚባሉ ሕዝቦች ደረሱ። እነሱም አበሏቸው። ታንኳ ሠርተው እንደገና ውሃ ላይ የወጡት ኦክቶበር 7 ነው። በአጭር ጊዜ ያልቃል የተባለው መሻገሪያ ስድስት ሳምንት ፈጀ። ያለ ፈረስ ደግሞ አይሞከርም ነበር።

የሠራውና ያልሠራው

ቅብብሎሹ ፈረስ አስገኝቷል። ያለ እሱ ካሜአዋይት ኦገስት 25 ስለ ሕዝቡ ረሃብ ያለው አይታወቅም ነበር። ግን እምነትን ያመጣው ቃል ብቻ አይደለም። አሮጊቷ ያሳየችው ዶቃ፣ ለተራበ የተሰጠ ሥጋ፣ የእህትና የወንድም እንባ ከማንኛውም ንግግር ቀድመው ሠርተዋል። ክላርክ በኦክቶበር ላይ ሌላም ነገር አስተዋለ፤ ሴት ከወንዶች ጋር ስትጓዝ ያየ ሰው እነዚህ ለጦርነት አልመጡም ይላል ብሎ ጻፈ። ሳካጋዊያ ዝም ብላ ተቀምጣም ታስተረጉም ነበር።

ያልሠራው ምልክት ብቻ ይዞ መቅረብ ነው። የመጀመሪያው ፈረሰኛ ሸሸ። በመልሱ ጉዞ ደግሞ የባሰ ሆነ። በጁላይ 1806 ሉዊስ በሌላ መንገድ ሄዶ ብላክፉት ከሚባል ሕዝብ ስምንት ወጣቶችን አገኘ። ሳካጋዊያ ከክላርክ ጋር ናት። ድሩያር በምልክት ብቻ አስተረጎመ። ሉዊስ ከጠላቶቻችሁ ጋር ተወዳጅተናል፣ ንግድም እንጀምራለን የሚል ሐሳብ ነገራቸው። ለእነሱ ይህ ጠላቶቻችሁን ልናስታጥቅ ነው ማለት ነው። ጎህ ሲቀድ ጠመንጃና ፈረስ ሊወስዱ ሞከሩ፣ ሁለቱ ተገደሉ። በጉዞው ሁሉ ከነባር ሕዝቦች ጋር ደም የፈሰሰው ያን ቀን ብቻ ነው።

ክፍያውም አልሠራም። ሻርቦኖ 500 ዶላር ከ33 ሳንቲም ተከፈለው። ወታደሮቹ እጥፍ ደሞዝና ለእያንዳንዳቸው 320 ኤከር መሬት አገኙ። ሳካጋዊያ ምንም አላገኘችም። ዮርክም ምንም አላገኘም፣ ባሪያ ሆኖ ቀጠለ። ክላርክ በኦገስት 1806 ለሻርቦኖ በጻፈው ደብዳቤ ሚስትህ ለደከመችውና ላገለገለችን ከዚህ የሚበልጥ ዋጋ ይገባት ነበር ብሏል። ያን ዋጋ መስጠት ከማንም በላይ በእሱና በሉዊስ እጅ ነበር።

ለሥራችን የሚተርፈው

ይህን ጉዳይ ካጠናሁ በኋላ የለወጥኳቸው ነገሮች አሉ። ቅብብሎሽ ሲያጋጥመኝ ከመጀመሬ በፊት መካከል ላለው ሰው እነግራለሁ። ትንሽ ቢመስልሽም፣ የቤት ጉዳይ ቢሆንም፣ ሁሉንም ንገሪኝ፤ የሚጠቅመውን ሐኪሙ ይለየዋል እላለሁ። ለሐኪሙም መልሱ በስንት አፍ አልፎ እንደሚመጣ እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ይገረማል።

ሌላው፣ ዋናውን ቋንቋ የሚያውቀው ሰው በመጀመሪያው ግንኙነት ላይ ይገኝ እላለሁ። ሉዊስ ለወራት ያዘጋጃትን አስተርጓሚ ወሳኙ ቀን ላይ ኋላ ትቷት ሄደ። እኛም ቀጠሮው ሲያልቅ ለፊርማ ብቻ የምንጠራበት ጊዜ ብዙ ነው። መርዶ ለሚያስተረጉም ሰው ደግሞ አሥር ደቂቃ ዕረፍት ይሰጠው ብዬ መጠየቅ ጀምሬያለሁ፤ የሠሩበት ቦታዎች አሉ፣ ያልሰሙኝም አሉ።

የሚከብደኝ የቃል ኪዳኑ ነገር ነው። ሉዊስ ለካሜአዋይት ቃል ገብቷል። ፈረስ ብትሰጡን፣ ብትረዱን፣ ነጮች ጠመንጃና ዕቃ ይዘው ይመጣሉ፣ ከጎሽ ሜዳችሁ ማንም አያባርራችሁም አለ። ይህ ቃል ወደ ሾሾኒዎቹ ጆሮ የገባው በሳካጋዊያ ድምፅ ነው። ለወንድሟ የተናገረችው እሷ ናት። ቃሉ ይጠበቅ አይጠበቅ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። በማስታወሻ የተረፈው መረጃ እንደሚያሳየው በዲሴምበር 1812 በአንድ የንግድ ምሽግ በትኩሳት ሞተች፤ 25 ዓመት ገደማ ነበረች። የካሜአዋይት ሕዝብ ለምሂ ሾሾኒ ተብሎ በዚያው ሸለቆ ቆየ። በ1907 መንግሥት ከሸለቆው አስወጥቶ ፎርት ሆል ወደሚባለው የተከለለ ሥፍራ ወሰዳቸው።